ኡሚ ያልቀባችው መስመር

ደቻቱን ለመሻገር ድልድይ ፈልገን አናውቅም። ነጠላ ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን መግባት ነው። ጠዋት አሸዋው ይቀዘቅዛል። ስድስት ሰዓት ላይ ግን እንደ ምጣድ ነው፤ በእግር ጣትህ እየዘለልክ ነው የምትሻገረው። አመሻሽ ላይ እንደገና ይለሰልሳል። ያኔ ከግራም ከቀኝም ያለ የሰፈር ልጅ ሁሉ ኳስ ይዞ ይወርዳል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው።

ሌላ ቦታ ያደገ ሰው "ወንዝ" ሲባል ውሃ ይታየዋል። ለድሬዳዋ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው አሸዋ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ውሃ የሚወርድበት ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። በቀረው ጊዜ መንገድ ይሆናል፣ ሜዳ ይሆናል፣ የፍየል መዋያ ይሆናል፣ ዕቃ ዘርግተው የሚሸጡበት ቦታ ይሆናል። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላትም እሱ ነው። በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድሬ ሊሄድ ሲል ደወለልኝ። "ምን የሚታይ ቅርስ አለ?" አለኝ። ሳላስብ ዘረገፍኩለት። ለገሃርን፣ የድሮውን የባቡር ጣቢያ እይ። ቤተ መንግሥቱን እይ። በከዚራ ጥላ ውስጥ በእግርህ ሂድ፤ የድሮዎቹን የምድር ባቡር ቤቶች ፎቶ አንሳ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። የጠራሁለት ነገር ሁሉ ከአሸዋው ወዲህ ነው። ከወዲያ ያለውን፣ ግማሽ ልጅነቴን ያሳለፍኩበትን፣ ዘልዬዋለሁ። አሸዋውን ራሱንማ ጭራሽ አላነሳሁትም።

ሲከነክነኝ ሰነበተ። በሳምንቱ እኔም ትኬት ቆረጥኩ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ይሄን የማያውቅ የለም። አፄ ምኒልክ መስመሩ እንዲዘረጋ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ሐረር ያኔ የምሥራቁ ንግድ እናት ናት። ችግሩ ተራራው ነው። ከ1,200 ሜትር ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት ላይ ሐዲድ መዘርጋት ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ባቡሩ ሐረርን ትቶ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ቆመ። የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ከባቡሩ የወረደ ዕቃ በግመልና በበቅሎ ነበር ሽቅብ የሚጓዘው። ነጋዴው፣ ሰራተኛው፣ ግመል ነጂው፣ አስተርጓሚው ሁሉ እዚህ ሰፈረ።

ቦታውን በመጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ብለውት ነበር። ስሙ አልያዘም። ሰው አስቀድሞ የሚጠራበት ስም ነበረዋ። ኦሮሞው ድሬ ሲል ሜዳ ማለቱ ነው። ሶማሌው ደግሞ ድር የሚባለው የጎሳ አባት ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይላል። ልጅ ሆነን አሸዋው ላይ በዚህ ጉዳይ እስክንጣላ እንከራከር ነበር። አሁን ሳስበው ክርክሩ ራሱ ደስ ይለኛል። ማንኛችንም እናሸንፍ፣ ቦታው ሐዲዱ ከመምጣቱ በፊት የሰው ቦታ እንደነበር እየተናገርን ነበር።

ስለ "በፊት" ካነሳሁ አይቀር። ከከተማው በስተደቡብ፣ ደቻቱን ቁልቁል የሚያይ ዋሻ አለ። ፖርክ ኤፒክ ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ተመራማሪዎች ከዚህ ዋሻ ከ4,200 በላይ የቀይና የቢጫ ቀለም አፈር ስብርባሪ አውጥተዋል። ሲመዘን 40 ኪሎ ያህል ነው። ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ድንጋይ በድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያዘጋጁ ነበር። አንድ ትውልድ ብቻ አይደለም፤ ለሺዎች ዓመታት። እኔ ይሄን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ልጅ ሆነን በዚያ በኩል ስናልፍ ዋሻውን የምናውቀው በጅብ ነው።

አያቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ 31 ዓመት ሰርቷል። እሱ ግን ምድር ባቡር አይልም፤ "ሽመንደፈር" ነው የሚለው። ፈረንሳይኛ ማንበብ አይችልም። ብሎን ሲቆጥር ግን በፈረንሳይኛ ነው። ከዚራ ውስጥ የኖርንበት ቤት ከምድር ባቡር ሰራተኛ ቤቶች አንዱ ነበር። ቤቱን ልዘርዝረው፤ ምክንያቱም ሰው "የፈረንሳይ ቤት" ሲል መልኩን ብቻ ያስባል።

ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ ክንዴን ብዘረጋው ውፍረቱ እስከ ክርኔ ይደርሳል። ጣሪያው ሩቅ ነው። ልጅ ሆኜ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ሳየው ሌላ ፎቅ ያለው ይመስለኝ ነበር። የመስኮቱ መዝጊያ እንጨት ነው፤ ጠባብ ጠባብ ጣውላዎች ዘንበል ብለው በአግድም ተደርድረዋል። ፀሐይ አያስገባም፣ ነፋስ ግን ያስገባል። በፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ አለ። አያቴ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱን እየዞረ መስኮት ይዘጋል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እየዞረ ይከፍታል። ይሄን በሕይወቱ አንድ ቀን ሲያጓድል አላየሁም። ድንጋዩ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይውላል፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ፣ ወደዚያ ሩቅ ጣሪያ ይወጣል። ውጪው ሲነድ እኛ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን እንተኛለን። አንድ ቀን እናቴ መስኮቱን ከፍታ ረስታው "ቤቱን አብስለሽው ልትበይው ነው?" አላት።

ስለዚህ ያ ቤት እንደ ማሽን ነበር። የሚሰራው ግን ሰው ሲያንቀሳቅሰው ነው። በሚያዝያ ስሄድ ቤቱ አለ፤ የሚኖሩበት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው፣ አስገብተው ቡና አጠጡኝ። የእንጨት መዝጊያዎቹ ግን ተነቅለዋል። በቦታቸው ተንሸራታች መስታወት ገብቷል። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል። ድሬ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ሲሚንቶ የሚመረትባት ከተማ ናት፤ ሁሉን ነገር በሲሚንቶ ማዳን የሚቻል ይመስለናል። የድሮ ድንጋይ ግን በኖራ ነው የለመደው። ኖራ ርጥበት ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። የታፈነው ርጥበት መውጫ ሲያጣ የድንጋዩን ፊት እየፈነቀለ ይጥለዋል። ከበረንዳው ሥር እንደ ደረቀ ቂጣ የተቀረፈ ግድግዳ አየሁ። በእጄ ስነካው ዱቄቱ ወረደ። ምንም አላልኩም። ቤት ያደሱ ሰዎች ናቸው፣ ያላቸውን ገንዘብ አውጥተው። ማንም አልነገራቸውም እንጂ ቢነገራቸው ኖሮ በኖራ ያስለስኑት ነበር።

ከቤቱ ወጥቼ መንገዱን ይዤ ስሄድ ጥላው እንደቀድሞው ነው፣ በአብዛኛው። ከዚራ ማለት ለእኔ ከሕንፃው በፊት ዛፍ ነው። መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ በግራና በቀኝ ኒም። ሲያብብ ሰማዩን ቀይ የሚያደርገው ደግሞ በአማርኛ "የድሬዳዋ ዛፍ" ነው የሚባለው። ሌላ ከተማ በስሙ ዛፍ የተጠራለት አላውቅም። አንድ መሥሪያ ቤት አጥሩን ሲያሳድስ በሩ ላይ የነበሩትን ሁለት ኒሞች አስቆርጧል። ጉቶዎቹ አሉ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት አንደኛው ጉቶ ላይ ቴርሞሷን አስቀምጣለች፤ እሷ ግን ጥላ ፍለጋ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጣለች። ደንበኛ ሲመጣ ፀሐዩን አቋርጣ ሄዳ ትቀዳለች። ሦስት ጊዜ ስትመላለስ ቆሜ አየኋት።

እንግዲህ ከዚራ ይሄ ነው። ስለ ከዚራ የሚናገር ብዙ ሰው አለ። ፎቶውም ብዙ ነው። ወደ ወዲያ ልሻገር።

መጋላ በሶማልኛ ከተማ ማለት ነው። መጋላን ማንም በማስመሪያ አላሰመረም። መንገዱ የሰው እግር የሄደበት ነው። አንዱ ቤት የሌላውን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ በሩ ትንሽ፣ ውስጡ ግን ግቢ ያለው፤ ግቢው ውስጥ ሦስት አራት ቤተሰብ፣ አንድ ምድጃ። ቀለሙ ኖራ ነው። ውሃ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ። በየዓመቱ በላዩ ላይ ስለሚቀባ ግድግዳው ሲላጥ እንደ ሽንኩርት ነው፤ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ነጭ ይወጣል። የቤት ዕድሜ በዚያ ይቆጠራል።

ከዚያ ቀፊራ፣ ገበያው። ቀፊራን በሁለት ነገር አስታውሳለሁ፤ ቅስት ባላቸው በሮቹና በጫጫታው። አያቴ፣ ሴቷ ማለቴ ነው፣ ሽንኩርቱን በኦሮምኛ ትከራከራለች። ጨርቁን በሶማልኛ። ዱቤ ስትጠይቅ በአማርኛ ነው። ሰላምታዋ ደግሞ ከዓረብኛ የተዋሰችው ነው። ቋንቋ እየቀያየረች እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ "የአፍ መፍቻ ቋንቋህ?" ስባል ግራ የገባኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ኡሚ የአያቴ ጓደኛ ናት። "ናት" ማለቴን ያነበበ ሌላ ከተማ ያደገ ሰው ይቆጣ ይሆናል፤ የሰባ ዓመት ሴት ናቸው እንጂ ናት ይባላል? ድሬ ላይ ይባላል። አንቱ ብትላት ኡሚ ትከፋለች። "ምን አደረግኩህ?" ነው የምትልህ። አንቱታ እኛ ዘንድ እንግዳ ሰውን ማራቂያ ነው። ያደግንበት አክብሮት ሌላ ነው፤ ተላክ ስትባል መሄድ፣ ዕቃ ይዛ ስታያት መቀበል፣ ሳትበላ ከቤቷ አለመውጣት።

የኡሚ ቤት ከደቻቱ ዳር ሦስተኛው ነው። አያቴ ገበያ ስትገባ እኔን እዚያ ነበር የምትጥለኝ። ኡሚ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ አሸዋውን አያለሁ። ከዚራ ያለው ቤታችን ከወዲያ፣ ዛፎቹ ሥር ይታየኛል። በዓመት ሦስት መቶ ምናምን ቀን ሁለቱ ቤቶች ጎረቤት ናቸው፤ በመሐላቸው ያለው ሜዳ ነው። አንዳንዴ ውሃው ሲወርድ ግን እናቴና እኔ ሌላና ሌላ አገር ላይ ሆነን እንነጋገራለን። "እደር!" ትለኛለች በእጇ ምልክት። አድራለሁ። ደስታዬ ወሰን የለውም።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ 16 ዓመቴ ነበር። በረንዳው ላይ ተኝተናል። በዚያ ወቅት ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። የነቃሁት በድምፅ ነው። ሩቅ ያለ፣ መሬት ለመሬት የሚመጣ ድምፅ። ባቡር መሰለኝ። አያቴ ቀድሞኝ ነቅቶ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። የባቡሩን ሰዓት ከፀሎቱ እኩል የሚያውቅ ሰው ነው። ትንሽ አዳመጠና "ይሄ ባቡር አይደለም" አለ።

ዝናቡ የበረታው ተራራው ላይ ነበር። ደቻቱ እንደዚያ ነው። ውሃው የሚሰበሰበው ከላይ፣ በደንገጎና በሐረማያ በኩል ካለው ከፍታ ነው። ያ ዳገት ዛፉ ተመናምኖ አፈሩ ከተገለጠ ቆይቷል። ዝናብ ሲመታው ውሃውን ይዞ የሚያቆየው ነገር የለም። በአጭር ርቀት ከስምንት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ደረቁ አሸዋ ላይ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ደመና ሳያይ ጎርፍ ሊያይ ይችላል። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ እሱንም አያይም።

ሲነጋ ከዳር ቆመን ነበር። ስለዚያ ጠዋት ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ውሃው ቡናማ ነበር፣ ወፍራም፤ በር ይዞ ያልፋል፣ ሳጥን ይዞ ያልፋል። አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ የሰው ስም ይጠራል፤ አንድ ስም ብቻ፣ እየደጋገመ። ከወዲያ ምንም አይታይም። የኡሚ ቤት ጣሪያ ላይ ሰዎች እንዳሉ ያየነው በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቤት ያጣው በሺዎች ይቆጠራል። ከኡሚ ፊት የነበሩት ሁለቱ ቤቶች የሉም። ግቢው፣ ምድጃው፣ ሰዎቹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኡሚ ቤት ከወንዙ አንደኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ግንብ ተሠራ። የደቻቱን ዳርና ዳር የሚይዝ የድንጋይና የሲሚንቶ ግንብ። ቤት ለፈረሰባቸው ሰዎች ራቅ ብሎ አዲስ ቤት ተሰጣቸው። ሁለቱም መደረግ ነበረባቸው። ግንቡ አያስፈልግም የሚል ሰው ያን ጠዋት ያላየ ሰው ብቻ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ድሮ የትም ቦታ ዘለን የምንወርድበት ዳር አሁን ግንብ ነው። ልጆቹ ለመውረድ ዞረው ክፍተት ይፈልጋሉ። አንድ ምድጃ የነበራቸው ጎረቤቶች አሁን በባጃጅ ነው የሚጠያየቁት። ከተማዋ ራሷን ከወንዙ ስታድን ጀርባዋን ሰጠችው። በደንብ ቢታሰብበት ሁለቱንም ማድረግ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በየመቶ ሜትሩ ወደ አሸዋው የሚወርድ ደረጃ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ በፍጥነት የሚያስወጣ። የሚያስወርድ ደረጃ የሚያስወጣም ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። የቅርስ አዋጅ አለን፤ 209/1992። ቅርስ ሆኖ የተመዘገበን ነገር ያለ ፈቃድ ማፍረስም መለወጥም አይቻልም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሕጉ የሚያድነው የተመዘገበውን ነው፤ እኛ ደግሞ የምናስመዘግበው ቅርስ የሚመስለንን ነው። ቅርስ የሚመስለን ዓምድ ያለው፣ ቀን የተጻፈበት፣ ንጉሥ የገባበት ነው። ለገሃር ይገባዋል፤ ወርክሾፑ ይገባዋል፤ እዚያ ቆመው የዛጉት ባቡሮች ይገባቸዋል። ባቡሩ በአሮጌው ሐዲድ አዲስ አበባ መሄድ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ጣቢያው ከከተማው ውጪ ነው። ስለዚህ ለገሃርን ካልጠበቅናት የድሬን የልደት ማስረጃ ቀደድነው ማለት ነው። በዚህ ማንም አይከራከረኝም።

የምከራከረው በቀረው ነው። ያለ መጋላ ለገሃር ምንድን ነው? ባቡሩ ያመጣውን ዕቃ የገዛው፣ የተሸከመው፣ የተረጎመው፣ ሰራተኛውን ያበላው መጋላ ነው። ከዚራን ብቻ አድሰን ቀለም ብንቀባት ግማሽ ፊቱን የታጠበ ልጅ ትመስላለች። የመጋላ ቤቶች ድንጋይና ጭቃ፣ ኖራና ቆርቆሮ ናቸው፤ ማንም መሐንዲስ አልፈረመባቸውም። አንዱ ሲፈርስ አቧራው ሳይረጋ በብሎኬት ይተካል። ሲተካ ግቢው ይጠፋል። ግቢው ሲጠፋ አንዱ ምድጃ ይጠፋል። ያን የሦስት ቋንቋ ጨዋታ ያሳደገው ደግሞ ያ ምድጃ ነው። ቋንቋውን በትምህርት ቤት እናስተምረዋለን ብንል አንችልም። አያቴን ያስተማራት ትምህርት ቤት አልነበረም።

አሸዋውም እንደዚያ ነው። ሌሊት ሌሊት በገልባጭ መኪና ይጫናል። ቤት የሚሠራ ሁሉ አሸዋ ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ግን አሸዋው እየተዛቀ ሲሄድ ወለሉ ይጎደጉዳል። ውሃው ሲመጣ በዚያ ጉድጓድ እየተሽከረከረ የግንቡን እግር ይቦረቡራል። እሱን የሚያየው ማነው? ግንቡ የቆመው አሸዋው ላይ ነው። ልጆቹም የሚጫወቱት እሱ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኡሚ ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሳልናገር ታውቀኝ እንደሆነ አየሁ። "አንተ ልጅ፣ አቦ ግባ፣ ዝንብ ታስገባለህ" አለችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችኝ አልመሰለም። ሳምቡሳ መጥበስ ትታለች፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏል። ለአረፋ ገና ሳምንታት ቢቀሩም ኖራው በባልዲ ተበጥብጦ ተቀምጧል። ዘንድሮም ሰማያዊ ነው።

ግድግዳዋን አየሁት። ከበሩ በስተግራ፣ ከራሴ በላይ አንድ መስመር አለ። ቡናማ ነው፤ የአራት ጣት ስፋት። ከጥግ እስከ ጥግ፣ በውሃ ልክ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ። እንደዚያ ቀጥ አድርጎ የሚያሰምር ውሃ ብቻ ነው። ከሱ በላይ ሰማያዊ፣ ከሱ በታች ሰማያዊ። ከ1998 ወዲህ በየዓመቱ ቤቱን ትቀባለች፤ መስመሩን ግን ነክታው አታውቅም። በዙሪያው ቀለሙ በላይ በላዩ እየተደረበ ስለወፈረ መስመሩ አሁን ገባ ብሏል። ጣቴን ብሰድበት እንደ ቦይ ይይዘኛል። ውስጡ ያለው ጭቃ ደርቆ ጠንክሯል፤ የገለባ ስብርባሪ አለበት፣ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ እንጃ።

ከመስመሩ በታች በእርሳስ የተጫሩ ምልክቶች አሉ። የልጅ ልጆቿ ቁመት ነው። በየዓመቱ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይለካሉ። ትልቁ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ረጅም ልጅ ነው፣ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ምልክቱ መስመሩ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ይቀረዋል።

"ልጆቼ ሁሉ አስቀቢው ይሉኛል" አለችኝ። "እንግዳ ሲመጣ ያፍራሉ። ቆሻሻ ይመስላቸዋል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ እነሱን እዚያ አቁሜ አሳያቸዋለሁ። ይኸው፣ አንተ እዚህ ነህ፣ ውሃው እዚህ ነበር። ድምፅ ስትሰሙ በር አትክፈቱ፣ ዕቃ አታንሱ፣ ወደ ላይ ውጡ። ብቀባው በምን አሳያቸዋለሁ?"

ቆይታ ደግሞ የጎረቤቶቿን ስም ጠራች፤ ከፊቷ የነበሩትን የሁለቱን ቤት ሰዎች፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ፣ አንድም ሳትዘል። ስትጨርስ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ከውጪ የኳስ ድምፅ ይሰማል።

ለጓደኛዬ ምን እንደምለው ያወቅኩት እዚያ ነው። ለገሃርን እይ። ከዚያ ግንቡ ክፍት የሆነበትን ቦታ ፈልግና ወደ አሸዋው ውረድ። ጫማህን አውልቅ። ተሻገርና ከዳር ያሉትን ቤቶች ግድግዳ እያየህ ሂድ። ወንዙ ዳር በቀሩት የድሮ ግድግዳዎች ሁሉ ላይ ያ ከፍታ ቢሰመር እመኛለሁ፤ በከዚራ በኩልም በመጋላ በኩልም፣ በአንድ ቀለም፣ በሦስቱም ቋንቋ "1998" ተብሎ። ወጪው የአንድ ባልዲ ቀለም ነው። የሚያውቁት ሰዎች እያሉ ግን መሆን አለበት። አያቴ አሁን የለም። ያን ድምፅ ባቡር አለመሆኑን ከኔ ሌላ ማን ሰምቶ ይነግራችኋል?

ኡሚ ብሩሹን ሰጠችኝ። "ላይኛውን አንተ ቀባልኝ፣ እኔ መሰላል አልወጣም።" ሸሚዜን አውልቄ ወጣሁ። ኖራው ቀዝቃዛ ነው፣ ክንዴ ላይ ይወርዳል። ከጣሪያው ሥር ጀምሬ ወደ ታች መጣሁ። ከታች ሆና ታየኛለች።

"ቀስ፣ ቀስ። እዚህ ጋ ተው" አለችኝ። "አራት ጣት ተው።"

አራት ጣቴን ግድግዳው ላይ አስቀምጬ ለካሁ፤ ዞሬ ከታች ቀጠልኩ።